የጣሪያ ቬንትሌተርና መብራትን በስልክ ማዘዝ፦ ለአዳማ ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

አዳማ ላይ የጣሪያ ቬንትሌተር ቅንጦት አይደለም። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ያለ እሱ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ችግሩ ሬጉሌተሩ (የፍጥነት ማስተካከያው) በሩ አጠገብ ነው፣ እናንተ ደግሞ አልጋ ላይ ናችሁ። ሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ተነስቶ የሚቀንሰው ማነው? ሁሉም ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ጎትቶ ይተኛል። ቬንትሌተሩም እስኪነጋ ይዞራል።

ይህን በስልክ፣ በሪሞት ወይም በራሱ ሰዓት እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ብዙ ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ይገዛል፣ ከዚያ ግድግዳውን ይከፍታል፣ ከዚያ ባለሙያው «ኒውትራል የለም» ይለዋል፤ ኒውትራል ማለት የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ ነው። እዚህ ነገሩን እንገለብጠዋለን። መጀመሪያ ሽቦውን እናያለን፣ ግዢው በኋላ ይደርሳል።

ሌላም ነገር ከወዲሁ ልናገር። የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ፣ በሩ አጠገብ በእጅ የሚነካ ነገር መኖር አለበት፤ ማብሪያው ራሱ ወይም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሪሞት። እንግዳ ይመጣል፣ ልጅ አለ፣ እናታችሁ ከገጠር ይመጣሉ። «እማዬ፣ መጀመሪያ ይህን አፕ አውርጂ» ተብሎ መብራት አይበራም።

ሞተርና አምፖል አንድ አይደሉም

ቬንትሌተሩና መብራቱ አንድ ዘንግ ላይ ስለተንጠለጠሉ እንደ አንድ ዕቃ እናያቸዋለን። በኤሌክትሪክ ዓይን ግን ለየቅል ናቸው። ኤልኢዲ አምፖል ጥቂት ዋት ይበላል፣ ማብራትና ማጥፋት ብቻ ይበቃዋል። ቬንትሌተሩ ግን ሞተር ነው። የተለመደው ዓይነት ከ50 እስከ 80 ዋት ይወስዳል፤ እንዲነሳና እንዲዞር ካፓሲተር ያስፈልገዋል። ኩባያው (ኮርኒሱ ሥር ሽቦዎቹን የሚሸፍነው ክዳን) ውስጥ ወይም ሞተሩ አናት ላይ 2.5 ማይክሮፋራድ አካባቢ የተጻፈባት ጥቁር ወይም ነጭ ሳጥን ካያችሁ እሷ ናት። ደህና ከሆነች አትንኳት፣ ሌላ ቁጥር ባላትም አትቀይሯት።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ። የመብራት ዲመር (የብርሃን መቀነሻ) ቬንትሌተር ላይ አይገጠምም። ስማርት፣ ማለትም በስልክ የሚታዘዝ፣ ቢሆንም አይገጠምም። ዲመሩ ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ነው የሚቀንሰው። አምፖል ይህን ይችላል። ሞተር ግን ማጉረምረም ይጀምራል፣ ይሞቃል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ሱቅ ውስጥ «ሁለቱንም ይሠራል» ቢሏችሁ ዕቃው ላይ «ለቬንትሌተር» የሚል ጽሑፍ ወይም ምልክት እንዳለ ፈልጉ። ከሌለ ወደ መደርደሪያው ይመለስ።

ዘመናዊዎቹ ከሪሞት ጋር የሚመጡት፣ ቢኤልዲሲ የሚባሉት፣ ከ30 ዋት አካባቢ በላይ አይወስዱም። ሥራቸው ግን በጣም የተለየ ነው። ውስጣቸው የራሳቸው ኤሌክትሮኒክስ ስላለ ከውጭ ሬጉሌተር አይገባባቸውም። የእነሱን መንገድ ዝቅ ብዬ አመጣዋለሁ።

ሳጥኑን መክፈት

መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ብሬከሩ ቆጣሪው አጠገብ፣ ከሁሉም ቤት ውጭ ይሆናል። «መብራት ጠፋ እንዴ?» ብሎ ወጥቶ መልሶ የሚያበራ ጎረቤት አይጠፋም። ስለዚህ ለአከራዩም ለጎረቤትም ንገሩ፤ ብሬከሩ ላይም «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት በፕላስተር ለጥፉ። ወይም አንድ ሰው እዚያው ይቁም።

ከዚያ በቴስተር አረጋግጡ። ካቻቪቴ የሚመስለው ርካሽ ቴስተር አንዳንዴ ይዋሻል። ስለዚህ መጀመሪያ መብራት ያለበት ሶኬት ላይ እንደሚበራ እዩ፣ ከዚያ የጠፋውን ፈትሹ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ በበራው ላይ እንደገና ሞክሩት። መልቲሜትር ካላችሁ የበለጠ ነው። ከኤሌክትሪክ ጋር ተዋውቃችሁ የማታውቁ ከሆነ ደግሞ እዚህ ላይ ባለሙያ ጥሩ። የቀረውን ለእሱ በትክክል ለማዘዝ ማንበብ ብቻ ይበቃችኋል።

የማብሪያውን ክዳን ፈትታችሁ አውጡት። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ከማብሪያው ጋር ያልተያያዘ፣ ከኋላ አንድ ላይ ተጠምዝዞ በናስትሮ የታሰረ የሽቦ ጥቅል። ካለ ምናልባት ኒውትራል ነው። ማብሪያው ላይ የሚገቡት ሽቦዎች ብቻ ካሉ ኒውትራሉ ኮርኒሱ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። በቀለም አትተማመኑ። በደንቡ ቡናማ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው)፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ግራውንድ (የመሬት ሽቦ) ነው። ሠራተኛው ግን በዚያን ቀን እጁ ላይ ያለውን ጥቅል ቀይም ይሁን ጥቁር ስቦ ሊሆን ይችላል። ልካችሁ ካላያችሁ አላወቃችሁም።

ባለሙያው መብራቱን መልሶ ሲለካ አንድ ተጨማሪ ፍተሻ ጠይቁት። «ወንድሜ፣ ማብሪያው ሲጠፋ ኮርኒሱ ጋ ፌዝ ይቀራል ወይ?» በሉት። የሚቀር ከሆነ ማብሪያው የሚቆርጠው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን ነው። እንዲህ የተሠራ ቤት ያጋጥማል። አምፖሉ ይጠፋል፣ አምፖል ለመቀየር የሚወጣው ሰው ግን ይነዝረዋል። ይህ ሳይስተካከል ምንም ስማርት ነገር አይገጠም።

የትኛው መንገድ የእናንተ ነው

ማብሪያው ሳጥን ውስጥ ኒውትራል ካለ ዕድለኞች ናችሁ። መሰላል አያስፈልግም። የድሮውን ማብሪያና ሬጉሌተር አውጥታችሁ፣ የቬንትሌተር ፍጥነት ያለው ስማርት ማብሪያ በቦታው ትገጥማላችሁ። ፌዝ ይገባል፣ ኒውትራል ይገባል፣ አንዱ መውጫ ለቬንትሌተሩ፣ ሌላው ለመብራቱ። በእጅም ይነካል፣ በስልክም ይታዘዛል። የድሮው ሬጉሌተር የግድ መውጣት አለበት። ሁለት ፍጥነት ቀናሽ ተከታትሎ ከተገጠመ ሞተሩ ወይ አይነሳም ወይ ያጉረመርማል። ከመግዛታችሁ በፊት የሳጥኑን ጥልቀትና ቅርጽ ለኩ። የእኛ ቤት ሳጥን አንዳንዱ ክብ ነው፣ አንዳንዱ አራት ማዕዘን። ስማርት ማብሪያ ደግሞ ከኋላው ወፍራም ነው።

ቬንትሌተሩ የራሱ ሪሞት ካለው ጭራሽ ሽቦ አትንኩ። የሪሞቱን ምልክት ተምሮ የሚደግም ትንሽ ሳጥን ትገዛላችሁ። ሪሞቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ የስልካችሁን የፊት ካሜራ ክፈቱ፣ የሪሞቱን አፍንጫ ወደ ካሜራው አዙሩና ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ ወይም ነጣ ያለ ብልጭታ ካያችሁ ኢንፍራሬድ ነው። ካላያችሁ፣ ከሌላ ክፍል ሆናችሁም የሚታዘዝ ከሆነ፣ የሬዲዮ ሪሞት ነው። ብዙዎቹ በ433 ሜጋ ኸርዝ ይሠራሉ። ለምሳሌ ከብሮድሊንክ ምርቶች አርኤም4 ሚኒ ኢንፍራሬድ ብቻ ነው፤ አርኤም4 ፕሮ ሬዲዮም ይችላል። የዚህ መንገድ ድክመት ሳጥኑ ይናገራል እንጂ አይሰማም። አንድ ሰው በሪሞቱ ቢያጠፋው አፑ «በርቷል» እያለ ይቀጥላል።

ማብሪያው ጋ ኒውትራል የለም፣ ሪሞትም የለም? የአዳማ አብዛኛው ተራ ቤት እዚህ ውስጥ ይወድቃል ብዬ እገምታለሁ። መቆጣጠሪያው ኮርኒሱ ሥር፣ ኩባያው ውስጥ ይገባል። ሥራ ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ቆየት እንበል።

ኩባያው ውስጥ መግጠም

የምትገዙት ለቬንትሌተርና ለመብራት ተብሎ የተሠራ መቆጣጠሪያ ነው። የሶኖፍ አይፋን04 ጥሩ ምሳሌ ነው። በዋይፋይ ይሠራል፣ ሦስት ፍጥነት አለው፣ የመብራት መውጫው ለብቻ ነው፣ ሪሞትም አብሮት ይመጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ሁለት ዓይነት አለው። ኤች የሚለው ለ220–240 ቮልት ነው፣ ኤል የሚለው ለ100–120 ቮልት። አሜሪካ ያለው ዘመድ በሻንጣው የሚያመጣላችሁ ኤል የሆነውን ነው። እኛ ጋ ሲገጠም ጭስ ይሆናል። ለሚያመጣላችሁ ሰው የሞዴሉን ስም በጽሑፍ ላኩለት፤ በስልክ ብቻ አትንገሩት።

ብሬከሩ መጥፋቱን እንደገና አረጋግጡ። መሰላሉ ሁለት እግር ያለው፣ የማይንሸራተት ይሁን፤ አንድ ሰውም ይያዝላችሁ። ከሥሩ ጀምራችሁ ክንፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የአዳማ ንፋስ አቧራውን የትም ያስገባዋል። ክንፍ ላይ እኩል ያልተከመረ አቧራ ደግሞ ቬንትሌተሩን ያንገጫግጫል። በኋላ ሲንቀጠቀጥ «ስማርቱ ነው ያበላሸው» ከማለት ይህን አሁኑኑ መጨረስ ይሻላል።

ኩባያውን የያዘውን ብሎን አላሉና ዘንጉ ላይ ወደ ታች አውርዱት። አሁን የምታዩት ይህን ይመስላል፦ ወፍራሙ መንጠቆ፣ ዘንጉን የያዘው ብሎንና ጫፉ ላይ የምትሰካው ቀጭን የብረት መቆለፊያ፣ ከሥሩም የተጠላለፉ ሽቦዎች። መቆለፊያዋ መኖሯን እዩ። ቬንትሌተሩ እንዳይወድቅ የያዘችው እሷ ናት፤ ጠፍታ ከሆነ የዛሬው ሥራ እሷን መተካት ይሁን።

ምንም ሳትፈቱ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሽቦዎቹን ለዩ። ከኮርኒሱ የሚመጡት ኒውትራል፣ ከሬጉሌተሩ የሚመጣው ፌዝ፣ መብራቱ ለብቻ ማብሪያ ካለው ሁለተኛ ፌዝ፣ ከተዘረጋም ግራውንድ ናቸው። ከቬንትሌተሩ የሚወጡት የሞተሩ ሽቦ፣ የመብራቱ ሽቦና የጋራ ኒውትራል ናቸው። በወረቀት ፕላስተር ላይ ስማቸውን ጽፋችሁ እያንዳንዳቸው ላይ ለጥፉ።

መቆጣጠሪያው ሁልጊዜ የማይቋረጥ ፌዝ ይፈልጋል። እስከ ዛሬ ግን ወደ ላይ የሚወጣው ፌዝ በሬጉሌተሩ በኩል ነበር። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ሬጉሌተሩን አውጥታችሁ ሁለቱን ሽቦዎቹን አንድ ላይ በኮኔክተር ታያይዛላችሁ። ከሬጉሌተሩ በፊት ማብሪያ ካለ ባለበት ይቆይ፤ ለጥገና ጊዜ ዋና ማጥፊያ ይሆናል። ለመብራቱ ለብቻ የነበረው ሁለተኛ ፌዝ ከእንግዲህ ሥራ የለውም። በሁለቱም ጫፍ ከማብሪያውም ከኮርኒሱም ነቅላችሁ፣ ጫፉን በኮኔክተር ሸፍኑት። ሁለቱን ፌዞች አንድ ላይ ማሰር አይገባም።

አሁን ግጠሙ። የማይቋረጠው ፌዝ ወደ መቆጣጠሪያው የፌዝ መግቢያ፣ ኒውትራሉ ወደ ኒውትራል መግቢያ ይገባል። የሞተሩ ሽቦ «ፋን» ወደተባለው መውጫ፣ የመብራቱ «ላይት» ወደተባለው፣ የጋራው ኒውትራል ደግሞ ወደ ኒውትራል መውጫ። ግራውንድ ካለ ከቬንትሌተሩ ብረት ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ በመቆጣጠሪያው ውስጥ አያልፍም። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል እዚህ አይሠራም። ኩባያው ውስጥ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ናስትሮውም ሙጫው ቀልጦ ይላቀቃል። ብሎን ያለው ኮኔክተር ተጠቀሙ። አንድ በአንድ ሽቦውን ሳብ አድርጋችሁ አለመውጣቱን ሞክሩ።

ቬንትሌተሩ የገመድ ማስተካከያ ካለው ከመዝጋታችሁ በፊት በጣም ፈጣኑ ላይ አድርጉት። ከዛሬ ጀምሮ ፍጥነቱን የሚወስነው መቆጣጠሪያው ነው።

ሲዘጋ መቆጣጠሪያው ዘንጉን እንዳይነካ በአንድ በኩል አስቀምጡት። ኩባያው ብረት ከሆነ የዋይፋይ ምልክቱን ያዳክመዋል። ራውተሩ ሁለት ግድግዳ አልፎ ሳሎን ውስጥ ከሆነ፣ ጨርሳችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት መብራቱን መልሳችሁ ስልኩ ላይ መገናኘቱን ብታዩ ጥሩ ነው። ይህን ስታደርጉ ግን ከመሰላሉ ወርዳችሁ፣ እጅም ከኩባያው ርቆ፤ ለመዝጋት ብሬከሩን መልሳችሁ አጥፉ።

ስልኩ ላይ

የሶኖፍ ዕቃ ኢዊሊንክ በሚባለው አፕ ይሠራል፤ ሌሎች ብዙ የቻይና ዕቃዎች ደግሞ በስማርት ላይፍ ወይም ቱያ። የመጀመሪያው ሽንፈት የሚመጣው ከዋይፋዩ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዙን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ 5 ጊጋውን አያዩትም። ራውተራችሁ ሁለቱን በተለያየ ስም የሚያሳይ ከሆነ ስልካችሁን ባለ 2.4ቱ ላይ አገናኙ። የሞባይል ዳታውን አጥፉ፣ ሎኬሽን አብሩ፣ አፑ የሚጠይቀውን ፈቃድ ስጡት። ከዚያ መቆጣጠሪያውን ወደ መገናኛ ሁኔታ አስገቡት። አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉን ለ5 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት ነው፤ ትንሿ መብራት ቶሎ ቶሎ ትብለጨለጫለች።

ከተገናኘ በኋላ ስሙን «ሳሎን ቬንትሌተር» ብላችሁ በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ። በድምጽ ለማዘዝ ካሰባችሁ ግን የእንግሊዝኛ ስም ይስጡት፤ የአማዞን የድምጽ ረዳት አሌክሳ አማርኛ አትሰማም። ለባለቤታችሁና ለልጆቹ የራሳችሁን የይለፍ ቃል አትስጡ። አፑ ውስጥ «ማጋራት» የሚል አለ፤ በዚያ በኩል ላኩላቸው።

አንድ ቀን ራውተር ብትቀይሩ አዲሱን ራውተር በድሮው ስምና በድሮው የይለፍ ቃል አዋቅሩት። ዕቃዎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳሉ። ያለዚያ መሰላሉን እንደገና ማውጣት ነው።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉት የአዳማ 1 እና የአዳማ 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እነሱ ግን የሚያመነጩት ለብሔራዊው መረብ ነው። ሰፈራችሁ ያለው ትራንስፎርመር ከተበላሸ ተርባይኑ እየዞረ ቤታችሁ ያለው ቬንትሌተር ይቆማል። ስለዚህ አፑ ውስጥ ሌሎች ብዙዎች የሚዘሉትን አንድ ቅንብር አትዝለሉ፦ ኃይል ሲመለስ ዕቃው ምን ይሁን የሚለውን። ሦስት ምርጫ ይሰጣል፤ ይብራ፣ ይጥፋ፣ ወይም እንደነበረው ይቀጥል። መብራቱን «ይጥፋ» አድርጉት። አለዚያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ አምፖሉ ዓይናችሁ ላይ ይበራል። ቬንትሌተሩን እንደ ምርጫችሁ፤ እኔ ለመኝታ ቤት «እንደነበረው ይቀጥል» እላለሁ፣ ሰው ለማይኖርበት ሳሎን «ይጥፋ»።

መብራት ሲመለስ የሚመጣው የቮልት መዋዠቅ ትንንሽ ኤሌክትሮኒክስ ይጎዳል። ቤቱ ዋና ብሬከር አጠገብ ሰርጅ ፕሮቴክተር (ድንገተኛ የቮልት ጭማሪ የሚከላከል ዕቃ) ማስገጠም ቢቻል ለፍሪጁም ለቴሌቪዥኑም ይጠቅማል። በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይረው) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ንጹህ ሳይን ዌቭ የሚያወጣውን ዓይነት ይሁን። ርካሹ ላይ የቬንትሌተር ሞተር ያጉረመርማል፣ ይሞቃልም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥስ? በዳመና ላይ ብቻ፣ ማለትም በኢንተርኔት በአምራቹ ሰርቨር በኩል ብቻ፣ የሚሠራ ዕቃ ከስልክ አይታዘዝም። አብሮት የመጣው የሬዲዮ ሪሞት ግን ኢንተርኔት አይፈልግም። ለዚህ ነው ሪሞቱን በር አጠገብ፣ ማብሪያው ጎን በብሎን አስሩት የምለው። መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጣችሁት በሳምንቱ ይጠፋል።

ሰዓት መሙላት

አፑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርጋችሁ፣ ከእኛ ሰዓት ላይ 6 ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ከምሽቱ 4 ሰዓት 22:00 ነው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት 04:00። ጥሩ መነሻ የሚሆነው ይህ ነው፦ 22:00 ላይ ፍጥነት 2፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለትም 02:00 ላይ ፍጥነት 1፣ 04:00 ላይ ይጥፋ። የክፍሉን ሙቀት የሚለካ ትንሽ ዳሳሽ ካከላችሁ «ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን አብራ» ማለትም ይቻላል። ቬንትሌተር ግን ክፍል አያቀዘቅዝም፤ ሰውነት ላይ ያለውን ላብ ነው የሚያደርቀው። ሰው በሌለበት ክፍል እንዲዞር ማዘዝ ቆጣሪውን ማዞር ነው። 75 ዋት ቬንትሌተር ለ8 ሰዓት ሲዞር 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 30 ዋቱ 0.24 ብቻ።

እንቢ ሲል

ካጉረመረመ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ የድሮው ሬጉሌተር በትክክል መውጣቱን እዩ። ሁሉም ፍጥነት አንድ ዓይነት ከሆነ የሞተሩ ሽቦ የገባው መብራት መውጫው ላይ ሊሆን ይችላል። በእጅ ገፋ ሲደረግ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ካፓሲተሩ ደክሟል፤ ተመሳሳይ ቁጥር ባለው ይቀየር። ጠፍቶ ሳለ ኤልኢዲው ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ከሆነ ኒውትራሉና ፌዙ ተገላብጠው እንዳይሆን አስፈትሹ። አፑ ላይ «ኦፍላይን» እያለ እየሄደ የሚመጣ ከሆነ ራውተሩን ወደ መኝታ ቤቱ ጠጋ አድርጉት። ካልሆነ ዋይፋይ አጉሊ ኮሪደሩ ላይ ሰኩ። ብሬከሩ የሚወርድ ከሆነ ግን መልሳችሁ አታንሱት፤ የሆነ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል፣ ባለሙያው ኩባያውን ከፍቶ ይየው።